ያለ ፍሪኩዌንሲ መካፈል፤ የቀጥተኛ ኮረንት ታሪክ ከአያት እስከ ወላይታ ሶዶ

ከአያት ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ቀላል ባቡር፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን እንዲኖሩ አድርጓል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች፣ ሱቆችና ፎቆች የሚገለገሉበት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ተለዋጭ ኮረንት ነው። ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ የሚሄደው ግን 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት፣ መሐንዲሶች በአጭሩ ዲሲ የሚሉት ነው። ኃይሉ የሚገኘው ከዚያው ከከተማው መረብ ነው፤ በመስመሩ ዳር በየርቀቱ በተተከሉ የባቡር ኃይል ጣቢያዎች በትራንስፎርመርና በሬክቲፋየር አልፎ ጠባዩ ይለወጣል። የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ሥራ የጀመረው በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሰሜን–ደቡቡ መስመር በመስከረም ወር ቀድሞት ነበር።

ተሳፋሪው ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ለመሐንዲሱ ግን ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦና በመንገዱ ዳር ያለው ምሰሶ የሚተዳደሩት በሁለት ልዩ ልዩ ሕጎች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየውም ብዙ ምንጮች አንድን ጭነት በጋራ ሲሸከሙ፣ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም በሚወሰንበት ጊዜ ነው። ይህ ጥያቄ በአያት መስመር ላይ በጥቂት መቶ አምፔርና በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚወሰን ትንሽ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኢትዮጵያን ከኬንያ በሚያገናኘው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያው ጥያቄ በሀገርና በሀገር መካከል ተነሥቷል። ተለዋጭ ኮረንት ድርሻን በተፈጥሮው ያካፍላል፤ በቀጥተኛ ኮረንት ድርሻውን የሚወስነው ሰው ነው። የዚህ ቴክኒክ የመቶ ዓመት ታሪክም በአመዛኙ ይህን ውሳኔ በምን ዘዴ እንወስን የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ቆቃ መመለስ ይጠቅማል። አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መብራትን ያየችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ከተማዋን ያበሩት የናፍጣ ሞተሮችና በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው 6.6 ሜጋ ዋት የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ኃይል ማመንጫ እያንዳንዳቸው 14.4 ሜጋ ዋት በሆኑ ሦስት ማሽኖች ሥራ ጀመረ፤ በ132 ኪሎ ቮልት መስመርም ከአዲስ አበባ ጋር ተገናኘ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ከተማዋም ወደ ምሥራቅ መስፋፋት ያዘች። አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት፣ ከዚያም ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ የግቤ ጣቢያዎች፣ በለስና ሌሎችም ተራ በተራ በዚያው መረብ ላይ ተጨመሩ። ዛሬ በኮተቤና በወረገኑ ማከፋፈያ ጣቢያዎች በኩል ወደ ምሥራቁ ክፍል የሚገባው ኃይል ከየትኛው ወንዝ እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ተደባልቋል።

እነዚህ ሁሉ ማሽኖች ጭነቱን እንዴት ተካፈሉት? መልሱ በአንድ ቃል ፍሪኩዌንሲ ነው። በአንድ የተለዋጭ ኮረንት መረብ ላይ የሚሠሩ ማሽኖች በጥቅሉ እንደ አንድ መዘውር በአንድነት ይሽከረከራሉ። ማታ በቦሌ፣ በገርጂና በሲ.ኤም.ሲ. ምድጃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲለኮስና ጭነቱ ከሚመነጨው ኃይል ሲበልጥ፣ ሁሉም በአንድነት ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የየማሽኑ ገቨርነርም ይህን አይቶ ውኃውን ይጨምራል። ገቨርነሩ በ4 በመቶ ዝንባሌ ከተስተካከለ፣ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ኸርዝ በአንድ ዐሥረኛ ኸርዝ ሲወርድ እያንዳንዱ ማሽን ከአቅሙ 5 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው፤ የቆቃው ማሽን 0.72 ሜጋ ዋት ሲጨምር፣ 187 ሜጋ ዋት የሆነው የግቤ ሦስት ማሽን ከ9 ሜጋ ዋት በላይ ይጨምራል። ትንሹ እንደ ትንሽነቱ፣ ትልቁም እንደ ትልቅነቱ ይሸከማል። ማንም ስልክ አይደውልም፤ ማንም ትእዛዝ አይሰጥም። ይህ ሊሆን የሚችለው ደግሞ ፍሪኩዌንሲ በተረጋጋ ጊዜ በቆቃም፣ በተከዜም፣ በኮተቤም አንድ ስለሆነ ነው። ለሁሉም እኩል የሚነበብ አዋጅ ነው።

በቀጥተኛ ኮረንት ዘንድ ይህ አዋጅ ነጋሪ የለም። የቀረው ቮልቴጅ ብቻ ነው። የቮልቴጅ ጠባይ ግን ከፍሪኩዌንሲ ፈጽሞ ይለያል፤ ከቦታ ወደ ቦታ እኩል አይደለም፤ እኩል ቢሆን ኖሮማ ኃይል ከቦታ ወደ ቦታ ባልሄደ ነበር። ስለዚህ አንድ ጣቢያ በበሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለክቶ ዝቅ ብሎ ቢያገኘው፣ ምክንያቱ በመረቡ ላይ የኃይል እጥረት መኖሩ ይሁን ወይስ ጣቢያው ከምንጩ ሩቅ መሆኑ ብቻ፣ ቁጥሩ ራሱ አይነግረውም።

የአያት መስመር ይህን በቀላሉ ያሳያል። ለምሳሌ ያህል፣ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኙ ሁለት የባቡር ኃይል ጣቢያዎች እንውሰድ፤ የሽቦውና የሐዲዱ ሬዚስታንስ በድምሩ 0.06 ኦም ነው እንበል፤ የሬክቲፋየሮቹን የውስጥ ሬዚስታንስ ለጊዜው እንተወው። 1,000 አምፔር የሚስብ ባቡር ከመጀመሪያው ጣቢያ የመንገዱን ሢሶ ያህል ርቆ ይገኛል። የሁለቱ ጣቢያዎች ቮልቴጅ እኩል ከሆነ፣ ቅርቡ 667 አምፔር፣ ሩቁ 333 አምፔር ይሰጣሉ፤ ቅርብ የሆነ ብዙ መሸከሙ ተገቢ ነው። አሁን ግን የሩቁ ጣቢያ ቮልቴጅ በ20 ቮልት ብቻ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ቢሆንስ? ድርሻቸው ፈጽሞ ይገለበጣል፤ ሩቁ 667፣ ቅርቡ 333 አምፔር ይሰጣሉ። ለ750 ቮልት መስመር ዓለም አቀፉ ደንብ ከ500 እስከ 900 ቮልት ድረስ ይፈቅዳል፤ 20 ቮልት ከዚህ ስፋት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ የሁለቱን ጣቢያዎች የሥራ ክፍፍል ለመገልበጥ ይበቃል። አንድ ትራንስፎርመር በተሳሳተ የመጠምዘዣ እርከን ላይ ቢተው፣ ባቡሩ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ባልታወቀ ምክንያት ዘወትር የሚግለው ግን ሌላው ጣቢያ ነው።

በባቡር መስመር ላይ ይህ ጉዳይ ብዙም አያስጨንቅም። ዲዮዶች ኮረንቱን ወደ ኋላ አያሳልፉም፤ የሬክቲፋየሩ ቮልቴጅም ጭነት በበዛበት መጠን በራሱ ዝቅ ስለሚል፣ በጣም የተጫነው ጣቢያ ሸክሙን በከፊል ለጎረቤቱ ይተዋል። መሐንዲሶች ድሩፕ የሚሉት ይህ ዝንባሌ በአያት መስመር ማንም ሳያዝዘው ከዕቃው ጠባይ የሚገኝ ነው። በረጅም ርቀትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ግን እንዲህ በነጻ አልተገኘም።

ቀጥተኛ ኮረንትን በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ሩቅ ለመላክ በሰፊው ከተሳካላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ የስዊሱ መሐንዲስ ሬኔ ቱሪ ነበር። የእሱ ዘዴ ማሽኖችን በተርታ መቀጠል ነው፤ ብዙ ጄኔሬተሮች አንዱ ከሌላው ጋር እንደ ባትሪ ድንጋይ ተያይዘው ቮልቴጃቸው ይደመራል። እ.ኤ.አ. በ1906 በፈረንሳይ ከሙቲዬ ወደ ሊዮን የተዘረጋው መስመር ዝነኛው ሥራው ነው። በዚያ መስመር ኮረንቱ በ75 አምፔር ላይ ጸንቶ ይኖራል፤ ጭነት ሲበዛ የሚጨምረው ቮልቴጁ ነው። ስለዚህ በቱሪ ሥርዓት ማን ምን ያህል ይሸከም የሚለው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነበር፤ እያንዳንዱ ማሽን በጨመረው ቮልት ልክ ይሸከማል። መስመሩ 30 ዓመት ያህል አገልግሏል። ችግሩ የሚሽከረከሩ ማሽኖችና ብሩሾቻቸው የሚጠይቁት ጥገናና ጥበቃ ነበር፤ አንድ የተበላሸ ማሽንም የተርታው ሁሉ ሥጋት መሆኑ አልቀረም።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በስዊድን የአሴአ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ኡኖ ላም ከሃያ ዓመት በላይ የደከሙበት የሜርኩሪ ቫልቭ የጎትላንድን ደሴት ከየብሱ ጋር አገናኘ፤ 100 ኪሎ ቮልት፣ 200 አምፔር፣ 20 ሜጋ ዋት። ይህን 200 አምፔር የሚለውን ቁጥር አንባቢ ያስታውሰው ዘንድ ይገባል፤ ኋላ ይመለስበታል።

በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ሁለት ጣቢያዎች አሉ፤ ላኪው ተለዋጩን ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ተቀባዩ ቀጥተኛውን ወደ ተለዋጭ ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸውን ቮልቴጅ የቫልቮቹን የመተኮሻ ማዕዘን በመለወጥ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ ትንሽ ስለሆነ፣ በሁለቱ ጫፎች የሚፈጠር ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ብዙ ኮረንት ያስከትላል፤ በአያት መስመር ላይ የታየው 20 ቮልት እዚህ ላይ ወደ ኪሎ ቮልት አድጎ ይመጣል። ሁለቱም ጣቢያዎች ኮረንቱን እኔ ልቆጣጠር ቢሉ ይጣላሉ፤ ሁለቱም ቢተዉት ኮረንቱ ያለ ልጓም ይሄዳል። መፍትሔው የሥራ ድርሻን መለየት ሆነ። ላኪው ኮረንቱን በታዘዘው ልክ ይይዛል፤ ተቀባዩ ቮልቴጁን ይይዛል። ተቀባዩ ለራሱም የኮረንት ትእዛዝ አለው፤ ነገር ግን ከላኪው ትእዛዝ በተወሰነ መጠን ያነሰ ነው። ይህ የኮረንት ህዳግ ተብሎ ይጠራል፤ የተለመደውም ከሙሉው ኮረንት 10 በመቶ ነው።

ህዳጉ ምን ይጠቅማል? ላኪው 1,200 አምፔር፣ ተቀባዩ 1,000 አምፔር ታዘዋል እንበል። ደኅና በሆነ ጊዜ መስመሩ 1,200 አምፔር ይሸከማል፤ ተቀባዩም ኮረንቱ ከእሱ ትእዛዝ በላይ ስለሆነ በቮልቴጅ ጠባቂነቱ ይቆያል። በላኪው ወገን ያለው የተለዋጭ ኮረንት ቮልቴጅ በድንገት ቢወርድና ላኪው 1,200 አምፔር መግፋት ቢያቅተው፣ ኮረንቱ ወደ ዜሮ አይወድቅም፤ 1,000 ላይ ሲደርስ ተቀባዩ ተረክቦ ኮረንቱን ይይዛል፤ ቮልቴጁን የመወሰን ሥራም ወደ ላኪው ይዛወራል። ሥራ መቀያየሩ ከሴኮንድ ክፋይ አይበልጥም። ትእዛዙ ራሱ ሲለወጥም ደንብ አለው፤ ሲጨመር ላኪው ይቀድማል፣ ሲቀነስ ተቀባዩ ይቀድማል፤ አለዚያ ህዳጉ ይጠፋና ሁለቱ ይጣላሉ። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል የመገናኛ መስመር አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው። መገናኛው ቢቋረጥ ጣቢያዎቹ በመጨረሻው ትእዛዝ ጸንተው ይቆያሉ። ይህ ዘዴ ከሜርኩሪ ቫልቭ ዘመን ወደ ታይሪስተር ዘመን ብዙም ሳይለወጥ ተሻገረ፤ ከጥሩ የምህንድስና ሐሳቦች መካከል በዝምታ ብዙ ከሠሩት አንዱ ነው።

አፍሪካ ይህን ቴክኒክ የተቀበለችው ገና በማለዳው ነው። በሞዛምቢክ ከካሆራ ባሳ ግድብ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው 1,420 ኪሎ ሜትር መስመር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጠናቀቀ፤ 1,920 ሜጋ ዋት እንዲሸከም የተሠራ ቢሆንም፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምሰሶዎቹ እየፈራረሱ ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። በዛየር ደግሞ ከኢንጋ ወደ ሻባ የመዳብ ማዕድን አካባቢ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ መስመር እ.ኤ.አ. በ1982 ተከፈተ። ይህኛው ለኢትዮጵያ መሐንዲስ የተለየ ትምህርት አለው። መስመሩ አገሩን አቋርጦ ሲሄድ ከሥሩ ላሉት መንደሮች መብራት አልሰጠም። ተለዋጭ ኮረንትን በትራንስፎርመር መንገድ ላይ ቆንጥሮ መውሰድ ይቻላል፤ ቀጥተኛ ኮረንትን ግን ሙሉ የመለወጫ ጣቢያ ካልተሠራ መቆንጠር አይቻልም። ጣቢያው ቢሠራ እንኳ በሁለት ወገኖች መካከል የነበረው የኮረንት ውል በሦስት ወገኖች መካከል እንደ አዲስ መዋዋልን ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿ ጋር የተገናኘችው መጀመሪያ በተለዋጭ ኮረንት ነበር፤ ወደ ጅቡቲም ሆነ ወደ ሱዳን የተዘረጉት መስመሮች 230 ኪሎ ቮልት ናቸው። በእነዚህ መስመሮች የተያያዙ መረቦች ፍሪኩዌንሲያቸው አንድ ይሆናል፤ የአንዱ መናወጥም ለሌላው ይተርፋል። ለኬንያ ግን የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በቦረና በኩል አልፎ ናይሮቢ አጠገብ እስካለችው ሱስዋ የሚዘልቀው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ርቀት ተለዋጭ ኮረንት በመስመሩ የራሱ ሪአክቲቭ ኃይል ይጨናነቃል፤ ሁለቱን መረቦች በአንድ ፍሪኩዌንሲ አስሮ ማቆየቱም አስቸጋሪ ነው። የዓለም ባንክ ለፕሮጀክቱ የሚውለውን ብድር በሐምሌ 2004 ዓ.ም. አጸደቀ፤ የአፍሪካ ልማት ባንክም ተከተለ። የመለወጫ ጣቢያዎቹን ሥራ ሲመንስ ከአይሶሉክስ ጋር ሆኖ ያዘ። ሶዶ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የግቤ ሦስት ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ስለዚህም የሶዶ ጣቢያ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ሱስዋ፣ ሌላው ወደ አዲስ አበባ የሚያይ።

መስመሩ ሁለት ዋልታዎች አሉት፤ አንዱ በ500 ኪሎ ቮልት አዎንታዊ፣ ሌላው በ500 ኪሎ ቮልት አሉታዊ ነው። እያንዳንዱ 2,000 አምፔር ሲሸከም በድምሩ 2,000 ሜጋ ዋት ይሆናል። የንግድ አገልግሎቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ግን ውሉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት የሚል ነበር። 200 ሜጋ ዋት ለሁለቱ ዋልታዎች እኩል ሲከፈል በእያንዳንዱ የሚሄደው 200 አምፔር ነው። የጎትላንድ ገመድ እ.ኤ.አ. በ1954 የተሸከመው ያንኑ 200 አምፔር ነበር፤ ልዩነቱ በቮልቴጁ ነው።

ይህ ንጽጽር ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። ለ2,000 አምፔር የተሠራ ዋልታ 10 በመቶ የሆነው የኮረንት ህዳጉ ራሱ 200 አምፔር ነው። ሽያጩ ከህዳጉ ጋር እኩል ነበር ማለት ነው። የታይሪስተር ጣቢያዎች ከሙሉ አቅማቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ በታች ሲወርዱ ኮረንቱ መቆራረጥ ስለሚጀምር ዝቅተኛ ወሰን ይደረግላቸዋል። ትልቅ መስመር በትንሽ ጭነት ማሠራት፣ የጭነት መኪናን በመጀመሪያ ማርሽ ቁልቁለት እንደማውረድ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ የታይሪስተር ጣቢያ ከሚያስተላልፈው ኃይል ግማሽ ያህል ሪአክቲቭ ኃይል ከተለዋጩ መረብ ይስባል፤ ይህንም የሚያሟሉለት የማጣሪያና የካፓሲተር ስብስቦች በእርከን እየገቡ ይወጣሉ። ጭነቱ ትንሽ ሲሆን ለማጣሪያነት ሲባል የገባው ስብስብ ከሚፈለገው በላይ ሪአክቲቭ ኃይል ይሰጣል፤ የ400 ኪሎ ቮልቱን ቮልቴጅም ወደ ላይ ይገፋል። በሶዶ የሚደረገው የቮልቴጅ ጥበቃ ከአዲስ አበባው መስመር ጫፍ ተለይቶ የማይታይ መሆኑ እዚህ ላይ ይገባል።

መካፈል ማለት ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ የታየው በጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጧት በኬንያ ከሎያንጋላኒ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ይሸከም የነበረው የ220 ኪሎ ቮልት መስመር ሱስዋ ላይ ተቋረጠ። ወዲያውም 200 ሜጋ ዋት ይሸከም የነበረው የኢትዮጵያ–ኬንያ መስመር ተከትሎ ወደቀ። የኬንያ መንግሥት እንደገለጸው በድምሩ 488 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ አብዛኛው የሀገሪቱ ክፍልም ጨለመ።

ሁለት መስመሮች ወደ አንድ ጣቢያ ሲገቡ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲደግፈው መጠበቅ የሰው ልማድ ነው፤ በተለዋጭ ኮረንት ዓለም የኖረ መሐንዲስ ደግሞ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያየዋል። ቀጥተኛ ኮረንት ግን የታዘዘውን ብቻ ይሰጣል። በሱስዋ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ሶዶ አያየውም፤ የግቤ ሦስት ገቨርነሮችም አይሰሙትም። እርዳታው እንዲመጣ ከተፈለገ የኬንያ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ይህን ያህል ጨምር የሚል ትእዛዝ አስቀድሞ በመቆጣጠሪያው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ የሚጨመረው ኃይልም ከኢትዮጵያ ማሽኖች ላይ የሚወሰድ ስለሆነ በሁለቱ ሀገሮች ስምምነት መወሰን አለበት። የታይሪስተር ተቀባይ ጣቢያ ደግሞ ቫልቮቹን የሚዘጋለት በዙሪያው ያለው ተለዋጭ መረብ ነው፤ የዚያ መረብ ቮልቴጅ በድንገት ሲዋዥቅ ኮረንቱ ከቫልቭ ወደ ቫልቭ መሻገር ያቅተዋል። እርዳታ በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ረጂው ራሱ መደገፊያ ያጣል ማለት ነው።

በላኪው ወገን ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በአንድ ቅጽበት 200 ሜጋ ዋት ገዢ ሲያጣ በኢትዮጵያ መረብ ላይ ኃይል ይተርፋል፤ ፍሪኩዌንሲ ወደ ላይ ይነሣል፤ በሶዶ ያሉት ማጣሪያዎችም ቶሎ ካልወጡ ቮልቴጁን ያንራሉ። ውሉ 400 ሜጋ ዋት ሲሆን ይህ እጥፍ ይሆናል። በቦሌና በኮተቤ ያለ ሰው ከኬንያ ጋር የተሳሰረው በሽያጭ ውል ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የወደፊቱ ጥያቄ ሦስተኛ ጣቢያ ነው። መስመሩ በቦረና ሜዳ ላይ ሲያልፍ የኢንጋ–ሻባ ታሪክ እንዳይደገም የሚፈልግ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። በታይሪስተር ዘመን ይህን የሞከሩ ጥቂት ናቸው፤ ጣልያንን ከሰርዲንያ በሚያገናኘው መስመር ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለኮርሲካ 50 ሜጋ ዋት ጣቢያ ተጨመረ፤ በሰሜን አሜሪካም የኬቤክ–ኒው ኢንግላንድ መስመር ከሁለት በላይ ጣቢያዎች ይዞ ሠራ። ዘዴው የኮረንት ህዳግ ዝርያ ነው፤ አንዱ ጣቢያ ቮልቴጅ ይይዛል፣ ሌሎቹ ኮረንት ይይዛሉ፣ የትእዛዞቹ ድምር ዘወትር መግጠም አለበት። ድምሩን የሚያስታርቅ ማዕከል ያስፈልጋል፤ ማዕከሉ ሲዘገይ ወይም መገናኛው ሲቋረጥ ችግሩ ይመጣል።

ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የመጣው በትራንዚስተር የሚሠራ አዲሱ መለወጫ ይህን አቀለለው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2014 በጆውሻን አምስት ጣቢያዎችን፣ በ2020 ደግሞ በጃንግቤ አራት ጣቢያዎችን በ500 ኪሎ ቮልት ቀለበት አያይዛለች። እዚያ በሰፊው የተጠናው የመካፈያ ዘዴ ድሩፕ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ቮልቴጁ ከፍ ሲል የሚያስገባውን ኃይል ይቀንሳል፣ ዝቅ ሲል ይጨምራል፣ መገናኛም ሳይጠብቅ ይሠራል። የአያት ሬክቲፋየር በተፈጥሮው የሚያደርገውን አሁን በፕሮግራም ማድረግ ነው። የአያቱ 20 ቮልት ችግርም አብሮ ይመጣል። የአንዱ ዋልታ ሬዚስታንስ ለምሳሌ 10 ኦም ቢሆን፣ በ200 አምፔር የሚወርደው ቮልቴጅ 2 ኪሎ ቮልት ብቻ ነው፤ በ2,000 አምፔር ግን 20 ኪሎ ቮልት ይሆናል። 4 በመቶ የሆነ ድሩፕ በ500 ኪሎ ቮልት ላይ ራሱ 20 ኪሎ ቮልት ነው። መስመሩ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ርቀቱ ያመጣው ልዩነት መልእክቱን ያህላል ማለት ነው፤ በትንሽ ጭነት ጊዜ በትክክል የተካፈሉ የሚመስሉ ጣቢያዎች ጭነቱ ሲሞላ ድርሻቸው ይዛባል። ስለዚህ የፈጠነውን ሥራ ለድሩፕ ትቶ፣ ድርሻን የማስተካከሉን ሥራ ዝግ ብሎ ለሚሠራ ማዕከል መስጠት የተለመደ ሆኗል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመረጠ መረብ ወይ በአደጋ ጊዜ ይወድቃል፣ ወይም በደኅናው ጊዜ አንዱን ጣቢያ ያለ አግባብ ያደክማል።

በሶዶ–ሱስዋ መስመር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሁለቱ ነባር ጣቢያዎች የታይሪስተር ስለሆኑ ኃይሉን ወደ ኋላ ለመመለስ የሚገለብጡት ኮረንቱን ሳይሆን የቮልቴጁን ምልክት ነው፤ አዎንታዊው ዋልታ አሉታዊ ይሆናል። አዲሱ ዓይነት መለወጫ ግን በአብዛኛው የቮልቴጅ ምልክት እንዲገለበጥበት ሆኖ አልተሠራም። ኃይል ከግቤ ወደ ደቡብ እስከሄደ ድረስ በቦረና የሚተከል አነስተኛ ጣቢያ ያለ ችግር ይሠራል። የኦሞ ተፋሰስ ዝናብ አጥቶ በሱስዋ አጠገብ ካለው ከኦልካሪያ የእንፋሎት ኃይል ወደ ሰሜን እንዲመጣ ቢፈለግ ግን፣ በመጀመሪያ የቦረናው ጣቢያ ከመስመሩ ይለያል፤ ቀጥሎ ሶዶና ሱስዋ ምልክታቸውን ይገለብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የቦረናው ጣቢያ በማዞሪያ ሽቦዎቹን አቀያይሮ ይገባል። እስከዚያው ድረስ በዚያ ጣቢያ ሥር ያሉት ከተሞች በሌላ ምንጭ ይቆያሉ፤ ወይም በጨለማ።